ጉዱ ካሳን ማን መለሰለት? የሐዲስ ዓለማየሁ ሕይወትና የአፕቲትዩዷ ጥያቄ

የ12ኛ ክፍል ፈተና የተቀመጠ ሁሉ ያውቃታል። የአፕቲትዩድ ወረቀት ላይ ናት። አራት አምስት መስመር ጽሑፍ ትሰጣለች፤ እዚያ ውስጥ አንድ ሰው ስለ አንድ ነገር ይከራከራል። ከዚያ ጥያቄው ይመጣል። ይህን ክርክር ይበልጥ የሚያዳክመው የትኛው ነው? ወይም ተከራካሪው ሳይናገረው እንደ እውነት የወሰደው ነገር ምንድን ነው? አማራጮቹን ስታዩዋቸው ሁሉም ልክ ይመስላሉ። ሰዓቱ ደግሞ ይሮጣል።

ብዙዎቻችን እዚህ ላይ የምንሳሳተው አንድ ዓይነት ስህተት ነው። የምንስማማበትን እንመርጣለን። ወይ ደግሞ እውነት መሆኑን ከሌላ ቦታ የምናውቀውን እናጠቁራለን። ጥያቄው ግን እሱን አልጠየቀም እኮ! የጠየቀው ማስረጃው መደምደሚያውን መሸከም ይችላል ወይ ብሎ ነው። ይሄ ደግሞ በሽምደዳ አይገኝም።

ዛሬ ታሪካቸውን የምንነግራችሁ ሰው የፈተና አስጠኚ አልነበሩም። ካረፉ ከ20 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ብዙዎቻችሁ ያኔ አልተወለዳችሁም። ግን ክርክርን መመዘን ያቃተው ማኅበረሰብ ምን እንደሚደርስበት በአማርኛ ከእሳቸው በላይ ያሳየን ደራሲ ማግኘት ይከብዳል። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው።

የቄስ ልጅ፣ የቆሎ ተማሪ

ሐዲስ የተወለዱት በ1902 ዓ.ም. ነው፤ ደብረ ማርቆስ አጠገብ፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት በምትባል ቦታ። አባታቸው ቄስ ነበሩ። ያኔ በጎጃም ልጅ ተማረ ማለት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተማረ ማለት ነው። ሐዲስም በዚያው መንገድ ሄዱ። ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅና ዲማ ጊዮርጊስ የተማሩባቸው ቦታዎች ናቸው።

ደብረ ወርቅን የማታውቋት ካላችሁ፣ ከቢቸና ወደ ሞጣ ስትሄዱ መንገድ ላይ የምታገኟት ከተማ ናት። የእነርጅ እናውጋ ወረዳ መቀመጫ ስትሆን በደብረ ወርቅ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ትታወቃለች። ዲማም ከዚያ ብዙ አትርቅም። ያ አካባቢ የሊቃውንት አገር ነው። ደበሎ የለበሰ፣ አኩፋዳ ያንጠለጠለ ተማሪ ከየአቅጣጫው እየመጣ፣ በየደጁ ቁራሽ እየለመነ የሚማርበት አገር።

አሁን ስለ ቆሎ ተማሪ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚመጣለት ሽምደዳ ነው። ግማሹ እውነት ነው። ንባቡ፣ ዳዊቱ፣ ዜማው በቃል የሚያዝ ነው። ቅኔ ቤት ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። ቅኔ ቤት የተሸመደደ ነገር ይዞ መቅረብ ነውር ነው። ተማሪው ለብቻው ዛፍ ሥር ወይም ከጎጆው ጥግ ተቀምጦ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል። መጀመሪያ ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃናን፣ እያደገ ሲሄድ ረዘም ያሉትን። ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይናገራል። መምህሩ ይሰሙታል፤ ሰሙ ከወርቁ ካልገጠመ ያፈርሱበታል። በቃ፣ ሄዶ እንደገና መቁጠር ነው።

ሰምና ወርቅ የሚባለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሰሙ ከላይ የሚሰማው ነው፤ ወርቁ ከሥር ያለው። ቅኔ ሰሚው ሥራው ከላይ በሰማው አለመርካት ነው። ከዚህ ሥር ምን አለ ብሎ መጠየቅ አለበት።

እስቲ አሁን ወደ ፈተናችሁ ተመለሱ። ተከራካሪው ሳይናገረው የወሰደው ታሳቢ ምንድን ነው ብላ የምትጠይቀው ጥያቄ የዚሁ ዘመድ ናት። አንድ ልዩነት ግን አለ። ባለ ቅኔው ወርቁን የሚደብቀው አውቆ ነው። ተከራካሪው ግን ብዙ ጊዜ ታሳቢውን ራሱም አያውቀውም። ስለዚህ ፈልጎ ማውጣቱ የሰሚው ድርሻ ነው።

እውነት ማስረጃ፣ ሐሰት መደምደሚያ

ሐዲስ ከጎጃም ወጥተው አዲስ አበባ መጡና በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ዘመናዊ ትምህርት ቀጠሉ። የቅኔ ቤቱ ልጅ አሁን የፈረንጁን ትምህርትም ጨመረ። ብዙም ሳይቆይ ግን ጦርነት መጣ።

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ኢትዮጵያን ከመውረሯ በፊት ለመንግሥታቱ ማኅበር ክስ አቅርባ ነበር። ይዘቱ ባጭሩ ይሄን ይመስላል። ኢትዮጵያ ውስጥ ባርነት አለ፤ ኋላ ቀር አገር ናት፤ ስለዚህ የማኅበሩ አባል ለመሆን አትበቃም። ከዚህ በመነሳትም ወረራውን እንደ ማሠልጠን ሥራ አድርጋ ለዓለም ታቀርበው ጀመር።

ይሄን እንደ ፈተና ጥያቄ እዩት። ማስረጃው ሙሉ በሙሉ ውሸት ነው እንዳንል፣ ባርነት በዚያን ጊዜ በአገራችን ነበር። ታዲያ ክርክሩን የሚጥለው ምንድን ነው? በማስረጃውና በመደምደሚያው መሃል ያለው ያልተነገረው ነገር ነው። ችግር ያለበትን አገር ሌላው አገር ወርሮ መግዛት ይችላል የሚለው ታሳቢ። እሱን አውጥታችሁ ብርሃን ላይ ስታስቀምጡት ክርክሩ ባዶ ይቀራል። ምክንያቱም በዚያ ሚዛን ከሄድን በዓለም ላይ የማይወረር አገር አይገኝም።

ማኅበሩም በበኩሉ ክርክሩን አልተቀበለም። ወራሪዋ ጣሊያን ናት ብሎ ፈረደ፤ ማዕቀብም ጣለ። ማዕቀቡ ግን ነዳጅን አላካተተም፣ የጣሊያንም ጦር አልቆመም። ትክክል መፍረድ አንድ ነገር ነው፣ ፍርዱን ማስፈጸም ሌላ።

የዚህን ዋጋ ከከፈሉት ወጣቶች አንዱ ሐዲስ ነበሩ። ከራስ እምሩ ጦር ጋር ዘመቱ። ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ከወጡ በኋላም ትግሉ በምዕራብ በኩል ቀጥሎ ነበር፤ በመጨረሻ ተማረኩ። ወደ ጣሊያን ተወስደው ፖንዛ በምትባል ደሴትና በሌሎችም ቦታዎች ሰባት ዓመት ገደማ ታሰሩ። የተፈቱት የቃል ኪዳን ጦሮች ጣሊያን ሲገቡ ነው። የዚያን ዘመን ነገር ብዙ ቆይተው ትዝታ በሚለው መጽሐፋቸው ጽፈውታል።

ከእስር በኋላ ሕይወታቸው ወደ ዲፕሎማሲ ዞረ። በኢየሩሳሌም ቆንስል ሆኑ፣ በአሜሪካና በተባበሩት መንግሥታት አገራቸውን ወክለው ሠሩ፣ በለንደን አምባሳደር ነበሩ። አገር ውስጥ ደግሞ የትምህርት ሚኒስትርና የፕላን ሚኒስትር ሆነው አገልግለዋል። ከወህኒ የወጣው ሰው ቀጣይ ሥራው በክርክር አገርን መከላከል ሆነ ማለት ነው።

ስሙን ቀይረው መልስ የነፈጉት ሰው

በ1958 ዓ.ም. ፍቅር እስከ መቃብር ታተመ። ያላነበባችሁት እንኳ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ እናት አባቶቻችሁ ሥራ ፈተው ያዳምጡ እንደነበር ሰምታችሁ ይሆናል። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ፍቅር ነው። እኛ ግን ዛሬ የምናተኩረው በካሳ ዳምጤ ላይ ነው። በቅጽል ስሙ ጉዱ ካሳ።

ካሳ የተማረ ሰው ነው፤ የባላባቶቹም ዘመድ ነው። በሚኖርበት አካባቢ የሚያየውን ነገር ሁሉ ይመዝናል። ባላባቱ ገበሬውን በምን መብት ይጭነዋል? ሰው በትውልዱ ብቻ ከሰው የሚበልጠው ለምንድን ነው? አንድ ልማድ ስለቆየ ብቻ ትክክል ነው ወይ? ጥያቄዎቹ እነዚህን የመሳሰሉ ናቸው።

አሁን ልብ በሉ። የአካባቢው ሰው ለእነዚህ ጥያቄዎች ምን መልስ ሰጠ? መልስ አልሰጠም። ስም ሰጠው። ጉዱ አለው። ሰውየው ጉድ ከሆነ የሚናገረውም ጉድ ነው፣ ጉድ ደግሞ አይመለስለትም። ክርክሩ በዚሁ ተዘጋ።

በፈተናችሁ ላይ ይህች ወጥመድ በየጊዜው ትመጣለች። ከአማራጮቹ አንዱ ተከራካሪው ማን እንደሆነ፣ ምን ጥቅም እንዳለው፣ ከዚህ በፊት ምን እንዳደረገ ይነግራችኋል። በጣም ታጓጓለች። ግን ሰውየውን እንጂ ክርክሩን አትነካም። ሌባ እንኳ ሁለትና ሁለት አራት ነው ካለ አራት ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ከፊታውራሪ መሸሻ ቤት ነው። ልጃቸው ሰብለ ወንጌል በዘር የሚመጥናት እየተባለ ሳታገባ ብዙ ዘመን ቆየች። በዛብህ የተማረ፣ ጨዋ፣ የምትወደው ሰው ቢሆንም በዘር ስለማይመጥን አይሆንም። ክርክሩ ሲገለጥ አባቶቻችን እንዲህ ሲያደርጉ ኖረዋል ከሚል አይዘልም። የተደበቀው ታሳቢ ደግሞ የቆየ ነገር ሁሉ ልክ ነው የሚል ነው። ይሄን ታሳቢ ማንም አውጥቶ አላየውም፤ ያየው ጉዱ ካሳ ነበር፣ እሱንም የሰማው የለም።

ሦስተኛው ስለቱ ነው። የበዛብህ እናት ልጇ እንዲያድግላት ብላ ለእግዚአብሔር ተስላው ነበር፤ አያገባም፣ ቤተ ክርስቲያን ያገለግላል ብላ። ልጁ አደገ። ስለቱ ግን ሕይወቱን ሙሉ አሰረው። እምነትን መንካት ሳያስፈልግ ታሪኩ አንድ ጥያቄ ያስነሳል፦ ሌላ ሰው በስሜ የገባውን ቃል እኔ የመፈጸም ግዴታ አለብኝ ወይ? መልሳችሁ አለብኝ ሊሆን ይችላል፣ የለብኝምም ሊሆን ይችላል። ዋናው ነገር ጥያቄው መኖሩን ማየት ነው።

መጽሐፉ እንዴት እንዳለቀ ያነበበ ያውቃል። በዛብህ ሞተ፣ ሰብለ መነኮሰች፣ በመጨረሻ ካሳም ከእነሱው ጋር ተቀበረ። ሐዲስ እዚህ ላይ የነገሩን ነገር የፍቅር አሳዛኝነት ብቻ አይደለም። ጥያቄ ጠያቂውን ስም እየሰጠ ዝም የሚያሰኝ ማኅበረሰብ የገዛ ልጆቹን ይቀብራል ነው ነገሩ።

ቁጥሩም ክርክር ነው

ወደ ራሳችን ዘመን እንምጣ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈተኑት 3.3 በመቶው ብቻ ነበሩ። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጋ ተፈታኝ 30 ሺህ ገደማ። ያን ሰሞን ስልካችሁ ላይ የነበረውን ታስታውሳላችሁ። ግማሹ ስለዚህ የዚህ ዘመን ተማሪ ሰነፍ ነው አለ። ግማሹ ስለዚህ ፈተናው ተማሪ ለመጣል የወጣ ነው አለ።

ሁለቱንም በሐዲስ ሚዛን አስቀምጡ። ተማሪው ሰነፈ ለማለት ድሮ ጎበዝ እንደነበረ በተመሳሳይ ሚዛን መታየት አለበት። ነገር ግን ፈተናው ያን ዓመት የተሰጠው ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው፣ በጥብቅ ቁጥጥር ነበር። የማለፊያ መስፈርቱም 50 በመቶ ሆኖ ተቆረጠ። ከዚያ በፊት ኮሮና ትምህርት ቤት ዘግቶ ነበር፣ ጦርነትም ነበር። ይህ ሁሉ ስለተለወጠ ቁጥሩን ብቻ ይዞ ሰነፈ ማለት አይቻልም። ፈተናው ለመጣል ወጣ የሚለውም እንዲሁ ነው። ትንሽ ሰው ማለፉ ብቻውን የአውጪውን ሐሳብ አያሳይም። ምናልባት ቁጥሩ ቀድሞ በኩረጃ ተሸፍኖ የነበረን ነገር ገልጦት ይሆናል። ያንን ለማለትም ቢሆን ተጨማሪ ማስረጃ ያስፈልጋል።

ያው ቁጥሩ እውነት ነው። መደምደሚያው ግን ገና አልተረጋገጠም። ይህን ለይቶ ማየት ነው እኮ ፈተናዋ የምትፈልገው።

ፈተና ላይ ስትቀመጡ

እስቲ አንድ ምሳሌ አብረን እንሥራ። እንበል ደብረ ወርቅ ገበያ ላይ አንድ ሰው እንዲህ ብሎ ተከራከረ። አዲሱ መንገድ ከተሠራ ወዲህ የጤፍ ዋጋ ጨምሯል፤ ስለዚህ ጤፍ ያስወደደው መንገዱ ነው። ይህን ክርክር ይበልጥ የሚያዳክመው የትኛው ነው?

ሀ) መንገዱ ለመሥራት ብዙ ገንዘብ ወጥቶበታል።
ለ) ተከራካሪው ራሱ የመንገድ ሥራው ላይ ሊቀጠር ፈልጎ አልተሳካለትም።
ሐ) በዚያው ጊዜ መንገድ ባልተሠራባቸው ወረዳዎችም ጤፍ በዚያው ልክ ጨምሯል።
መ) የከተማው ሰው መንገዱን ይወደዋል።

መጀመሪያ መደምደሚያውን አግኙ። ስለዚህ፣ በመሆኑም፣ ይህም የሚያሳየው የሚሉ ቃላት ብዙ ጊዜ ይጠቁሟችኋል። እዚህ ጋ መደምደሚያው ያስወደደው መንገዱ ነው የሚለው ነው።

ቀጥሎ ማስረጃውን ለዩ። መንገዱ ቀደመ፣ ዋጋው ተከተለ። ከዚህ ሌላ ማስረጃ የለውም።

ሦስተኛ፣ መሃል ላይ የተደበቀውን ፈልጉ። ቀድሞ የመጣው ነገር ለተከተለው ምክንያት ነው፣ ሌላ ምክንያትም የለም ብሎ ወስዷል። ዶሮ ስለጮኸ አይደለም የሚነጋው።

አሁን ወደ አማራጮቹ ሂዱ። ሀ እና መ ስለ መንገዱ ያወራሉ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ ግን ምንም አይሉም። እውነት ቢሆኑም አያገባቸውም። ለ ጉዱ ካሳ ላይ የተደረገውን ነው የሚያደርገው፤ ሰውየውን ይመታል፣ ክርክሩን አይነካም። ሐ ግን በቀጥታ የተደበቀውን ታሳቢ ይመታል። መንገድ በሌለበትም እኩል ከጨመረ ምክንያቱ ሌላ ሳይሆን አይቀርም። መልሱ ሐ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አስተውሉ። ሐ ክርክሩን አዳከመው እንጂ መንገዱ ምንም ድርሻ እንደሌለው አላረጋገጠም። ጥያቄዋም የጠየቀችው ማዳከሙን ብቻ ነው። ከተጠየቃችሁት በላይ አትሂዱ።

ይቺው ዘዴ የትም ትሠራለች። ለሁለተኛ ዲግሪ መግቢያ በሚሰጠው ጋት ላይም፣ ውጭ አገር ለመማር በሚያስፈልጉት ጂማትና ጂ.አር.ኢ ላይም ያው ናት። ዩኒቨርሲቲ ስትገቡም በአንደኛ ዓመት ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ የሚባል ኮርስ ይጠብቃችኋል። ስሙ የውጭ ይሁን እንጂ ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ድሮ በዛፍ ሥር ችሎት ባላጋራዎች በላ ልበልሃ እየተባባሉ ሲሟገቱ፣ ቁጭ ብሎ የሚሰማው ሕዝብ የማን ነገር ከማን እንደጠበቀ ይመዝን ነበር።

ሐዲስ በ1966 ዓ.ም.፣ አገር ሲናወጥ፣ ኢትዮጵያ ምን ዓይነት አስተዳደር ያስፈልጋታል የሚል መጽሐፍ ጻፉ። ርዕሱ ጥያቄ መሆኑን እዩ። ያኔ ዕድሜያቸው ከ60 አልፎ ነበር፣ በትልልቅ ሥልጣን ላይ ተቀምጠው አልፈዋል፣ አሁንም ግን ይጠይቁ ነበር። ከዚያ በኋላም ወንጀለኛው ዳኛን እና የልም እዣትን ጨመሩልን። ኅዳር 26 ቀን 1996 ዓ.ም. አረፉ።

ዛሬ ስልካችሁን ስትከፍቱ በየደቂቃው ክርክር ይመጣላችኋል። ስለዚህ እከሌ ጠላት ነው፣ ስለዚህ ይሄ ሕዝብ እንዲህ ነው፣ ስለዚህ ተነሱ። ሥሩ ደግሞ ስድብ ይከተላል። ጉዱ የሚለው ስም በየቀኑ በአዲስ መልክ ይሰጣል። ሼር ከማድረጋችሁ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ቆም ብላችሁ ከዚህ ስለዚህ በፊት ያለው ማስረጃ ይሄን ይሸከማል ወይ ብላችሁ ብትጠይቁ፣ የአፕቲትዩዱን ወረቀት በየቀኑ እየተለማመዳችሁ ነው ማለት ነው። ከፈተናውም በላይ ደግሞ በመንደራችሁ ያለውን ካሳ ሳትቀብሩት ትሰሙታላችሁ።

መልካም ፈተና!